የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናና የተፈታኞች ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተቃረበ ቁጥር በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚነሡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። «ጸልዬ ባላልፍስ?»፣ «ፈተናው በጾም ወቅት ከዋለ እንዴት ልሁን?»፣ «እናቴ ስለ እኔ የተሳለችውን ማን ይፈጽመው?» ይላሉ ልጆቻችን። ጥያቄዎቹ የእምነት ማነስ ምልክት አይደሉም፤ በሩ በእውነት ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ከ896 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ለሚመኝ ደግሞ ሁለተኛ በር አለበት፤ ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣልና።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቀው ነው፤ «ያላለፍሁት እግዚአብሔር ስለ ኀጢአቴ ቢቀጣኝ ይሆን?» የሚለው። በዚያው በ2014 ዓ.ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ ይበልጡ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች የተማሩት ልጆች አብረው ተቀጡ እንበልን? ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን ኀጢአት እንደ ሠራ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን በእርሱም በወላጆቹም እንዳልሆነ መልሶላቸዋል (ዮሐ. 9፥1-3)። የመምህር እጥረት፣ የመጻሕፍት አለመኖር፣ በጦርነት የተቋረጠ ትምህርት፣ አንዳንዴም የራስ ስንፍና የየራሳቸው ምክንያትነት አላቸው። ስንፍና ከሆነ ንስሓውም መፍትሔውም ማጥናት ነው። ያልሠሩትን ኀጢአት ፈልጎ ራስን መክሰስ ግን ንስሓ አይባልም።

እንግዲህ ስንጸልይ ምን እንለምን? በአጠገባችን ወንበር የተቀመጠውም የእግዚአብሔር ልጅ ነው፤ እናቱም እንደ እናታችን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማለች። ስለዚህ ከሌላው በላይ እንሆን ዘንድ ሳይሆን፣ ልቡናችን እንዲረጋ፣ ያጠናነውን እንድናስታውስ፣ ከኵረጃም እንድንጠበቅ እንለምናለን። ስለ ኵረጃ ጥቂት ልቆይ፤ ጠበል ተጠምቆ፣ እስክርቢቶውን በካህን አስባርኮ፣ ከዚያ የተሰረቀ መልስ የሚፈልግ ተማሪ አለና። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ያስገደደው ይኸው የፈተና ስርቆት ነው። ብዙዎች ኵረጃን ማንንም እንደማይጎዳ ቀላል ነገር ያዩታል። የመቀበያ ቦታው የተቈጠረ ሲሆን ግን በኵረጃ የገባ ሰው የአንድን ሌላ ወጣት ወንበር ወስዷል፤ ያ ወጣት ስሙን ባናውቀውም አለ። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገብቶ ነበር (ሉቃ. 19፥8)፤ የተወሰደ ወንበር እንዴት እንደሚመለስ ግን ለመናገር ይከብዳል። ይህን የፈጸመ ለንስሓ አባቱ ሳይደብቅ ይንገር።

ስለ ጾም የምንለው አጭር ነው። ፈተናው በጾመ ሐዋርያት ወይም በረቡዕና በዓርብ ቢውል፣ ጤነኛ ወጣትን ጾም አይጥለውም፤ የሕመም ወይም የድካም ምክንያት ያለው የሚፈታበትን ሰዓት ከንስሓ አባቱ ጋር ይወስን እንጂ በራሱ አይተው።

ስእለት ግን ማብራሪያ ይሻል። ስእለት ዋጋ አይደለም፤ እግዚአብሔር ውጤት አይሸጥም። የተሳለ ሰው ሳይዘገይ ሊፈጽም እንደሚገባው፣ ተስሎ ካለመፈጸምም አለመሳል እንደሚሻል ተጽፏል (ዘዳ. 23፥21-23፤ መክ. 5፥4-5)። ዕዳው የተሳለው ሰው ነው። እናት የተሳለችውን ጥላ ወይም ምንጣፍ እናት ታግባ፤ ልጁ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እንዲከፍል እርሱ ሳያውቅ መሳል ግን በሌላው ኪስ መሳል ነው።

ለወደቁት የቅዱስ ያሬድን ታሪክ መንገር ልማዳችን ነው። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን መሸሹን፣ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ የወጣችውን ትል ማየቱን እንተርካለን፤ ነገር ግን ትሏ ላይ ስንደርስ እናቆማለን። ያሬድ ከዚያ በኋላ ወደ ሸሸው መምህር ተመለሰ፤ ይቅርታም ጠየቀ። በድጋሚ ለመፈተን ወይም በአቅም ማሻሻያው መርሐ ግብር ለመማር የሚያሳፍረው ወጣት የሚያስፈልገው ይህ ክፍል ይመስለኛል።

ስሙ የገነነ ትምህርት ቤት መግባትም ቢሆን ሰውን አይወስነውም። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በአቴና ሲማሩ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ወደ መምህራኑ። በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ ኋላ ክርስትናን የካደው ንጉሥ ዑልያኖስም ተምሯል።

ወላጆች ሆይ፥ ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ልጃችሁ ቍጥሩን ከማየቱ በፊት የእናንተን ፊት ያያል። የጎረቤት ልጅ ስንት እንዳመጣ በዚያ ምሽት አትጠይቁ። ራት አቅርቡ፤ አብራችሁ ጸልዩ፤ የሚቀጥለውን ምርጫ በማግሥቱ ተነጋገሩበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።