ጥፋተኛ የሌለው ጥፋት

አንድ ሥራ በተበላሸ ቁጥር «ይህን ያበላሸው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የሰው ሁሉ ልማድ ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተገቢ ነው፤ ሰነፍም ሌባም በየድርጅቱ አይታጣምና። ነገር ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ ድርሻውን በትጋትና በቅን ልቡና እየፈጸመ ድርጅቱ በሙሉ የሚታወክበት ጊዜ አለ። ይህን ለመረዳት ክፍሎቹን አንድ በአንድ መመርመር አይበቃም፤ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዘበትን መንገድ መመልከት ያስፈልጋል። እንዲህ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ክፍሎች በአንድነት ሥርዓት ይባላሉ።

በአሜሪካ አገር፣ በኬንታኪ ክፍለ ግዛት፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ የቤት ውስጥ መገልገያ ዕቃዎች የሚሠሩ ፋብሪካዎች ነበሩት። ፋብሪካዎቹ አንድ ሰሞን በሦስትና በአራት ፈረቃ ይሠራሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከሠራተኞቹ እኩሌታው ከሥራ ይሰናበታሉ። ኃላፊዎቹ ነገሩን በገበያው መለዋወጥ ቢያሳብቡም ማብራሪያው ራሳቸውንም አላረካቸውም። እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሥራ አመራር ትምህርት ቤት የተዛወረው ጄይ ፎረስተር ይህን ሰማ። ፎረስተር በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። የኩባንያው ሰዎች ስለ ቅጥርና ስለ ዕቃ ክምችት እንዴት እንደሚወስኑ ጠይቆ ውጤቱን በእርሳስና በወረቀት ደረጃ በደረጃ አሰላ። ከገበያ የሚመጣው ትእዛዝ ምንም ሳይለዋወጥ እንኳ የሠራተኛው ቁጥር ከፍና ዝቅ ሊል እንደሚችል ስሌቱ አሳየው። የሁከቱ ምንጭ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ ከራሱ ከአወሳሰኑ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? እናንተም እርሳስ አንሡና አስሉ። አንድ ቸርቻሪ በሳምንት 10 ማቀዝቀዣ ይሸጣል እንበል። ዕቃ እንዳያልቅበት የ3 ሳምንት ሽያጭ፣ ማለትም 30 ማቀዝቀዣ፣ ዘወትር በመጋዘኑ ያኖራል። አንድ ሳምንት ገዢዎች 12 ወሰዱ። ቀድሞ ያዘዛቸው 10 ስለ ገቡለት በመጋዘኑ 28 ቀርተዋል። አሁን ግን የ3 ሳምንት ሽያጭ 36 ሆኗል። ስለዚህ ለሳምንቱ 12፣ ጉድለቱን ለመሙላት 8፣ በድምሩ 20 ያዛል። የገበያው ጭማሪ 2 ነው፤ የትእዛዙ ጭማሪ 10! ጅምላ ሻጩም እንዲሁ 30 ማቀዝቀዣ የሚያኖርና በዚያው ደንብ የሚሠራ ነጋዴ ነው። 10 ገብተውለት 20 ሲያስረክብ 20 ይቀሩታል፤ በስሌቱ መሠረት ግን 60 ሊኖረው ይገባል። በመሆኑም ለሳምንቱ 20፣ ለጉድለቱ 40፣ በጠቅላላው 60 ያዛል። እንግዲህ በፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ወረቀት ፍላጎት ስድስት እጥፍ እንደ ሆነ የሚናገር ነው። አዲስ ሠራተኛ ቢቀጥር ማን ይፈርድበታል?

በዚህ ላይ መዘግየት ይጨመራል። የታዘዘው ዕቃ እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ በመንገድ ላይ ያለውን የዘነጋ ነጋዴም እንደ ገና ያዛል። ሁሉም በአንድነት ሲደርስ መጋዘኑ ይጨናነቃል፤ ትእዛዝ ይቋረጣል፤ ትናንት የተቀጠረው ሠራተኛ ዛሬ ይሰናበታል። ሥራ አስኪያጁ ቢሻር ተተኪው በዚያው ደንብ እስከ ሠራ ድረስ ያንኑ ማድረጉ አይቀርም።

ፎረስተርና ባልደረቦቹ ይህን የሚያሳይ ጨዋታ አዘጋጅተዋል። አራት ሰዎች ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ ሆነው ቢራ ይተዛዘዛሉ፤ መነጋገር ግን አይፈቀድላቸውም። የገዢው ፍላጎት በሳምንት ከ4 ሣጥን ወደ 8 አንድ ጊዜ ብቻ ያድግና በዚያው ይጸናል። ትእዛዙ ግን ወደ ፋብሪካው በቀረበ መጠን ይበልጥ ይናወጣል። በመጨረሻ ተጫዋቾቹ የገዢው ፍላጎት ምን ይመስል እንደ ነበር በሥዕል እንዲያሳዩ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ የሚል መስመር ይስላሉ። ጥፋቱን በአጠገባቸው በተቀመጠው ተጫዋች ላይ የሚጥሉም አይታጡም።

ከላይ ባሰላችሁት ምሳሌ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከትእዛዙ ወረቀት ጋር የቸርቻሪው የሽያጭ መዝገብ ቢደርሰው ኖሮ፣ ከ60 አጠገብ 12 የሚል ቁጥር ያነብ ነበር።