ከዕፅዋት የተሠራ የምግብ ፍላጎት መቀነሻ፦ ማኅተሙ የሚለውና የማይለው

ከሮክቪል እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት ፋርማሲዎችና የምግብ ማሟያ መደብሮች የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንሱ፣ ክብደትንም ያለ ድካም እንደሚያወርዱ የሚናገሩ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በብዙዎቹ ላይ ቅጠል ወይም ፍሬ ተሥሏል፤ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚልም ይነበባል። ነገር ግን አንድ ነገር ከተክል መገኘቱ ፍቱንነቱንም ሆነ ደኅንነቱን አያረጋግጥም። ለዚህ ከአገራችን ተክል የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ጫት ረኃብን እንደሚያጠፋ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ ምሳውን ጠገብ ብሎ የሚበላው፣ ከቃመ በኋላ እህል እንደማያሰኘው ስለሚያውቅ ነው። ሥራውን የሚሠራው በእርጥብ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የተቀራረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ጫት ፍላጎትን የሚቀንሰው ግሬሊንና ፒ.ዋይ.ዋይ. የተባሉትን የረኃብና የጥጋብ ሆርሞኖች በመለወጥ እንዳልሆነ አሳይቷል። ያው ካቲኖን የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል። አሜሪካም ከ1993 ጀምሮ እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ተራ መድባዋለች።

ኤፌድራ የተባለው ተክል ግን ተመሳሳይ ባሕርይ እያለው ለዓመታት በክኒን መልክ በሕጋዊ መንገድ ተሽጧል። በ2003 የባልቲሞር ኦሪዮልስ የቤዝቦል ተጫዋች ስቲቭ ቤችለር በ23 ዓመቱ በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ሲሞት፣ የአስከሬን መርማሪው ኤፌድራ ለሞቱ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ገለጹ። ሽያጩ የታገደው በ2004 ነው።

መዘግየቱ ከሕጉ የመነጨ ነው። በ1994 የወጣው የምግብ ማሟያዎች ሕግ አምራቹ ምርቱን ገበያ ላይ ከማዋሉ በፊት ፍቱንነቱን ለመንግሥት እንዲያስመሰክር አያስገድደውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ምርቱን ለማስወጣት የሚችለው አደገኛነቱን ራሱ ካስረዳ ነው። ድልድዩ የሚፈተሸው ተሽከርካሪ ካለፈበት በኋላ ነው እንደ ማለት ነው፤ ምህንድስና ለተማረ ሰው ይህ ለመዋጥ ያስቸግራል።

ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው ተቋም እዚሁ ሮክቪል ይገኛል። በ1820 የተመሠረተው ዩ.ኤስ. ፋርማኮፒያ መንግሥታዊ ያልሆነ የመድኃኒት ጥራት መስፈርት አውጪ ድርጅት ሲሆን፣ በፈቃዳቸው ለሚያመለክቱ አምራቾች ምርታቸውን መርምሮ «ዩ.ኤስ.ፒ. ቬሪፋይድ» የሚል ማኅተም ይሰጣል። ማኅተሙ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነገር በተጻፈው መጠን መኖሩን፣ ጎጂ መጠን ያለው ብክለት አለመኖሩን፣ ክኒኑም በሰውነት ውስጥ በተወሰነው ጊዜ መፍረሱን ይመሰክራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በልብ ላይ ባመጣው ጉዳት በ2010 ከአሜሪካ ገበያ የወጣው ሲቡትራሚን «ተፈጥሯዊ» በተባሉ የማቅጠኛ ክኒኖች ውስጥ ተደብቆ ደጋግሞ ተገኝቷል። ሆኖም ማኅተሙ ክብደት ይቀንሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

ያንን የሚመልሰው በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው፤ ሙከራም ቢሆን ሁሉም አይታመንም። የጥሬ ቡናን ታሪክ እንመልከት። ቡና ሳይቆላ በክሎሮጀኒክ አሲድ የበለጸገ ነው፤ ሲቆላ አብዛኛው ይጠፋል። በ2012 ሕንድ ውስጥ በ16 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ፣ የጥሬ ቡና ጭማቂ በ22 ሳምንታት በአማካይ 8 ኪሎ ያህል እንዳስቀነሰ አስታወቀ። ወሬው በቴሌቪዥን ተዛመተ፤ ክኒኑም ተቸበቸበ። በ2014 የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ለጥናቱ ገንዘብ የከፈለውን አፕላይድ ፉድ ሳይንስስ የተባለ ኩባንያ ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው መሪ ተመራማሪው የተሳታፊዎቹን ክብደት ደጋግሞ ለውጧል፣ የሙከራውን ርዝመት ቀይሯል፣ ማን እውነተኛውን፣ ማን የይስሙላውን ክኒን እንደወሰደ አዛብቷል። ኩባንያው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ጽሑፉም በዚያው ዓመት ከመጽሔቱ ተሰረዘ። ቡናችን ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ 16 ሰዎችን መዝኖ ለዓለም ማወጅ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በ2021 ለውፍረት ሕክምና የተፈቀደው ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ በአንድ ሙከራ ብቻ በ1,961 ሰዎች ላይ ለ68 ሳምንታት ተፈትሾ ክብደታቸውን በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ በይስሙላ መርፌው የተገኘው ቅናሽ 2.4 በመቶ ነበር።

የደቡባዊ አፍሪካ የሳን ሕዝቦች በአደን ጉዞ ረኃብ ለማስታገስ የሚያኝኩት ሁዲያ የተባለው ቁልቋል መሰል ተክልም ዩኒሊቨርን የመሰለ ግዙፍ ኩባንያ አማልሎ ነበር፤ ኩባንያው በ2008 ተወው። በ2011 የታተመው የ49 ሴቶች ሙከራ ጭማቂው የሚበሉትን መጠን እንዳልቀነሰ፣ ይልቁንም ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መጨመር እንዳስከተለ ገልጿል።

በየጓዳችን ያለው አብሽ የተሻለ ጭላንጭል ያሳያል። በ2009 በታተመ ጥናት 18 ወፍራም ሰዎች ከአብሽ የተለየ 8 ግራም አሰር ሲወስዱ የጥጋብ ስሜታቸው ጨመረ፤ ሆኖም በምሳ የበሉት መጠን አሰሩን ካልወሰዱበት ቀን ጉልህ ልዩነት አላሳየም። አንድ የአብሽ ክኒን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 ግራም በታች ነው የሚይዘው። አብሽ የደም ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል፣ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው በብዛት ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

ሌሎቹንም በሚመለከት፣ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ፋርማሲስትዎ ይሂዱና ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ያስተያዩት። ክኒኑን ከጀመሩ በኋላ ልብዎ በኃይል ከመታ፣ ራስዎን ካዞረዎት ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ አቁመው ሕክምና ያግኙ። ጉዳቱንም በ1-800-332-1088 ደውለው ለምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያስመዝግቡ።