ትንሹና ትልቁ ሞተር በአዋሽና በሰመራ መንገድ

ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚወርደው አውራ ጎዳና ሌሊትና ቀን ካሚዮን አይለየውም። አገራችን ከውጭ የምታስመጣው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል፤ የኤሌክትሪኩ ባቡር በድሬዳዋ አቅጣጫ ስለሚሄድም የሰመራው መንገድ ሸክም የካሚዮን ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ዐይነት ሞተር ጎን ለጎን ሲሠራ እናያለን። አንዱ የአይሱዙ፥ ሁለተኛው ሕዝቡ በአጭሩ «ሲኖ» የሚለው የሲኖትራክ ነው። ነገ ለመሥሪያ ቤቱ የጭነት መኪና የሚመርጠው ወጣት ሹም የሁለቱን ልዩነት በውል ቢያውቀው መልካም ይመስለናል።

በኤን ፒ አር አይሱዙ ላይ ከሚገጠሙት ሞተሮች አንዱ፥ 4 ኤች ኤፍ 1 የተባለው፥ 4 ሲሊንደር አለው። የሲሊንደሩ ስፋት 112፥ የፒስቶኑ ምልልስ 110 ሚሊ ሜትር ነው። ተማሪዎች በትምህርት ቤት በሚያውቁት ስሌት ቢያባዙት 4.3 ሊትር ያገኛሉ። የሲኖው ደብልዩ ዲ 615 ደግሞ 6 ሲሊንደር ሲኖረው፥ ስፋቱ 126፥ ምልልሱ 130 ሚሊ ሜትር፥ ጠቅላላ መጠኑም 9.7 ሊትር ነው።

ነገር ግን የሊትሩ ብዛት ብቻውን ነገሩን አይገልጠውም። ትንሹ ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው በመፍጠን ነው፤ ሙሉ ኀይሉን የሚሰጠው በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር ነው። ባለ 371 የፈረስ ጉልበቱ ሲኖ ግን ከ1,100 እስከ 1,600 ዙር ባለው ዝግታ ውስጥ ዋናውን ጉተታውን ይሰጣል። አህያ ከግመል ፈጥና ብትራመድ የግመሉን ጭነት ልትሸከም አትችልም፤ ይህን ለአፋር ሰው ማስረዳት አያሻም።

በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ አገራችን የገባውን፥ አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉት የነበረውን ፊያት 634 እናስታውስ። 8.3 ሊትር የሚያህለው ሞተሩ የሚሰጠው 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ሆኖም ከ7 ቶን በላይ ይጭን ነበር። የዛሬው ትንሹ አይሱዙ ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ እያለው ጭነቱ ከ5 ቶን አያልፍም። እንግዲህ በሻጭ ወረቀት ላይ በትልቅ ፊደል የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት ምን ያህል እንደሚያታልል ይታያል።

በአሜሪካም «ትንሽ ብሎክ» እና «ትልቅ ብሎክ» የሚባለው የሸቭሮሌ ሞተር መለያው ሊትር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ትልቁና በ1967 የወጣው ትንሹ ሁለቱም 5.7 ሊትር ነበሩ። የሚለያዩት በሞኖብሎኩ ግዝፈት ነው፤ ከአንዱ ሲሊንደር መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል በትንሹ 112፥ በትልቁ 123 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከባዱ ጭነት ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣ ነው። ሰመራ 430፥ አዋሽ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራቸው አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ የሰመራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ራዲያተር ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በውጭው አየር ስለ ሆነ፥ አየሩ ራሱ ሲግል ሥራው ይዳከማል። እንግዲህ 40 ኩንታል ለመጫን የተሠራው አይሱዙ 60 ተጭኖበት ዳገቱን በከፍተኛ ዙር ሲወጣ ውሃው ይፈላል፥ ቴስታታው ይጣመማል። የአራቱም ሲሊንደር ቴስታታ አንድ ወጥ ስለ ሆነም ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል። የሲኖው ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቴስታታ ስላለው የተበላሸውን ብቻ ፈትቶ ማደስ ይቻላል።

ይህን ስንል ትልቁ ሁልጊዜ ይሻላል ማለታችን አይደለም። ከሎግያ ሰመራ 30 ኩንታል ዱቄት ለማመላለስ ሲኖ ማሰማራት ናፍጣ ማባከን ነው፤ መኪናው ከዱቄቱ ይልቅ የገዛ ክብደቱን ሲጎትት ይውላል። ለዚያ ሥራ አይሱዙው ይበቃል፥ 40 ኩንታሉ እስከ ተጠበቀለት ድረስ።