የፍርድ ሥራ ስለ መቆሙና ስለ መከፈቱ

የጥንት ሮማውያን ጠላት በድንገት በደረሰባቸው ጊዜ የመንግሥቱን ጉዳይ ሁሉ የሚያስቆም ዐዋጅ ነበራቸው፤ ስሙም ዩስቲቲዩም ነው፤ ፍችው የሕግ መቆም ማለት ነው። የሰዋስው ሊቃውንታቸው ይህን ስም፥ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቆማ ከምትመለስበት ቀን ስም ጋራ ያነጻጽሩት ነበር። ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ሰው ምሳሌው አይሰወርም፤ ፀሐይ ቆማ አትቀርምና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ዓመት ኤኲ የተባሉ ጎረቤቶች የሮማን ጦር ከነአዛዡ በተራራ ላይ ከበቡት። ሮማውያንም ኪንኪናቱስን ከእርሻው ጠርተው ከ6 ወር የማያልፍ ሙሉ ሥልጣን ሰጡት። ታሪክ ጸሓፊው ሊቪዩስ እንደ ተረከው፥ ይህ ሰው ችሎትን አስቆመ፥ ሱቆችን አዘጋ፥ ማንም የግል ጉዳዩን እንዳይሠራ ከለከለ፤ ለጦር ዕድሜው የደረሰ ሁሉ የ5 ቀን ስንቅና 12 የአጥር እንጨት ይዞ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከት አዘዘ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የዐድዋን ክተት የሰማ አገር ይህን ትእዛዝ እንግዳ አይለውም። ኪንኪናቱስ ግን ድል አድርጎ በ16ኛው ቀን ሥልጣኑን መለሰ። በኋላ በቄሣሮች ዘመን ያው ዐዋጅ ለነገሥታት ቤት ለቅሶ ዋለ፤ ስሙ ቀርቶ ነገሩ ተለወጠ።

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 93 ለአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ መጀመሪያ እስከ 6 ወር ወሰን አድርጎለታል፤ ከዚያ በኋላ በየ4 ወሩ የሚታደሰው በምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው።

በኢትዮጵያ ግን ሥራው ያለ ዐዋጅ የቆመበት ጊዜ አለ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሲነሡ አዲስ አበባ ተዘረፈች፥ ተቃጠለችም፤ መሥሪያ ቤቱን ዝጋ ያለ ሹም ሳይኖር በሮቹ ተዘጉ። መንግሥቱ ግን ከቴፒና ከሚዛን አማን በስተ ሰሜን ወዳለው ቡና አገር፥ ወደ ጎሬ፥ እንዲዛወር ተቈርጦ ነበር። ከዚያ በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን የሚወርድ የንግድ መንገድ ነበረና ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የጊዜያዊው መንግሥት ፕሬዚዳንት፥ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆኑ። ዋና ከተማው በጠላት እጅ ሳለ፥ በዚያ ዝናባም አገር የኢትዮጵያ መንግሥት ሥራ አልተቋረጠም ለማለት በር ክፍት ሆኖ ቈየ። ያ በር መጠበቁ ከጦርነት የማያንስ አገልግሎት ነበር፤ መሣሪያውና ገንዘቡ ግን ጥቂት፥ የወለጋም መኳንንት አያሌዎቹ የማይተባበሩ ነበሩ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም ተወሰዱ።

ሮማዊው ሹም የዘጋውን ችሎት የሚከፍተው ሹም ነበር። የ1928ቱን የዘጋው እሳት ስለ ሆነ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ፍርድ ቤቶቹ በአዲስ ሕግ መቋቋም አስፈለጋቸው፤ ይህም በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ተፈጸመ።