የሰው ወርቅ አያደምቅ

ዛሬ የማጫውታችሁ በራሴ ላይ ስለደረሰ ነገር ነው። ነገሩን ያስታወሰኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። አምና ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አሁን ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ሊያመለክት ተነስቷል። ባለፈው ሰሞን ማታ ላይ ደወለና፣ "እትዬ፣ አንቺ ያለፍሽበት መንገድ ነው። ቁጭ ብለሽ አንድ ገጽ ጻፊልኝ፤ እኔ ስሜን አስገብቼ እልካለሁ" አለኝ።

"አልጽፍልህም" አልኩት። ዝም አለ። እንደተቀየመኝ ገባኝ። "አልጽፍልህም፣ ግን አግዝሃለሁ" ብዬ ጨመርኩ።

"ልዩነቱ ምንድነው ታዲያ?" አለኝ።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ መልሱን ለማወቅ አንድ ሙሉ ዓመት ከስሬበታለሁ።

ለመሆኑ ይህ ጽሑፍ ምንድነው?

ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና የስኮላርሺፕ ድርጅቶች ከትራንስክሪፕትና ከመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ሌላ አመልካቹ ራሱ የጻፈውን ጽሑፍ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ "ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐስ"፣ አንዳንዱ "ሞቲቬሽን ሌተር" ይለዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ የሚፈልጉት ተቀራራቢ ነው። ይህን ትምህርት ለምን መረጥክ? እስከ ዛሬ በዚህ መስክ ምን ሠራህ? ለምን እኛ ጋ መጣህ? ተመርቀህ ስትወጣስ ምን ልታደርግበት ነው?

የእንግሊዝ መንግሥት የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ለምሳሌ አመልካቾች ስለ መሪነት ልምዳቸው፣ ስለ ትምህርት ምርጫቸውና ስለ ወደፊት የሥራ ዕቅዳቸው ለየብቻ እንዲጽፉ ሲጠይቅ ቆይቷል። ነገሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ12ኛ ክፍል በኋላ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት "ኮመን አፕ" የተባለው ማመልከቻም ከ650 ቃላት የማይበልጥ የግል ጽሑፍ አለው። ማርክ የተማራችሁትን ይናገራል። ሐሳባችሁን ግን አይናገርም። ጽሑፉ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

በገንዘብ የገዛሁት ጽሑፍ

እኔ የተማርኩት የውሃ ምህንድስና ነው። ተመርቄ በአንድ ወረዳ ሁለት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. አውሮፓ ለሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ አመለከትኩ። ጽሑፉ ላይ ስደርስ እጄ ተሳሰረ። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም ብዬ ፈራሁ። አንድ ጓደኛዬ ፎርም የሚሞሉ፣ ሲቪ የሚያዘጋጁ ሰዎች ዘንድ ወሰደኝ። ከፈልኩ፤ በማግስቱ አንድ ገጽ ተኩል ተሰጠኝ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ለውሃ ምህንድስና ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ" ብሎ ይጀምራል። ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ሞዴሊንግ የሚያወሩ፣ እኔ አይቻቸው የማላውቅ ቃላትም ነበሩበት። ሳነበው ደስ አለኝ፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ላክሁት።

ከሁለት ወር በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተመረጥኩ። እናቴ እልል አለች። በስካይፕ ሁለት ፕሮፌሰሮች ቀረቡና ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ "ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ሞዴሊንግ ጽፈሻል፤ እስቲ የትኛውን ሥራ እንደሠራሽ አስረጂን" የሚል ሆነ።

ምን ልበል? መረቡ የተቋረጠ መስዬ ልዝጋው ብዬ ሁሉ አሰብኩ። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተንተባተብኩ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ፤ በትህትና ሌላ ነገር ጠየቁኝና አሰናበቱኝ። የእምቢታው ደብዳቤ ሲመጣ ምክንያቱን አልጻፉም። እኔ ግን አውቀው ነበር። በጣም የቆጨኝ ማለፍ አለማለፌ አልነበረም። እነዚያ ሰዎች እኔን አንድም ቀን አላገኙኝም። ያገኙት የሌላ ሰው ጽሑፍ ነው።

ሁለት መቶ ሠላሳ አራት የተቃጠሉ ፒጃማዎች

የተገዛ ጽሑፍ ሌላም ጉድ አለበት። እንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች የሚያልፉበት "ዩካስ" የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዩካስ ወደ 50,000 የሚጠጉ የማመልከቻ ጽሑፎችን በኮምፒውተር አስመርምሮ ነበር። ታዲያ 234 አመልካቾች በስምንት ዓመታቸው ፒጃማቸውን አቃጥለው እንደበሱና ለሳይንስ ያላቸው ፍቅር ከዚያ እንደጀመረ ጽፈው ተገኙ! ታሪኩ ለናሙና ከተለጠፈ አንድ ጽሑፍ የተቀዳ ነበር። የመጀመሪያው ሰው ፒጃማውን እውነትም አቃጥሎት ይሆናል። የቀሩት ግን በሰው ፒጃማ ተያዙ። ዛሬም ቢሆን ጽሑፍን ከጽሑፍ የሚያመሳክሩ ፕሮግራሞች ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ አሉ።

እውነተኛው እርዳታ

በዓመቱ እንደገና ልሞክር ስነሳ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህሬ ዘንድ ሄድኩ። "ቲቸር፣ ይህን ያርሙልኝ" ብዬ አዲስ ረቂቅ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ወረቀቱን ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

"ልጄ፣ ይኼ ይቆየን። ወረዳ ላይ ስትሠሪ በጣም ያናደደሽ ነገር ምን ነበር?" አሉኝ።

ሳላስበው መናገር ጀመርኩ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ከነበሩት አምስት የእጅ ፓምፖች ሦስቱ ቆመው ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ የቆሙት ዋጋዋ ጥቂት ብር በሆነች የጎማ ማሸጊያ ምክንያት ነው። ጎማዋ በአቅራቢያ ገበያ አትገኝም፤ ከከተማ እስክትመጣ አራት ወር ፈጀ። በዚያ አራት ወር ሴቶቹ ወደ ወንዝ ተመለሱ። እኔ ደግሞ ደብዳቤ እየጻፍኩ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ።

"በቃ፣ አሁን ያልሽውን ሂጂና ጻፊው። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊው" አሉኝ።

አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁልጊዜ ይጠይቁኛል እንጂ አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፉልኝም። "ይኼን እንዴት አወቅሽ? ቁጥሩ ስንት ነው? እነሱ ትምህርት ቤት ያለው የትኛው ኮርስ ነው ለዚህ የሚጠቅምሽ?" ይሉኛል። ሰዋስውና ፊደል ግድፈት ያረሙልኝ በመጨረሻው ቀን ብቻ ነው። "ከልጅነቴ ጀምሮ" የምትለዋ ወጣች፤ ጽሑፉ በጎማዋ ጀመረ። በዚህኛው ቃለ መጠይቅ ስለ ፓምፖቹ ሲጠይቁኝ፣ ሰዓቱ አልቆ እነሱ ናቸው ያስቆሙኝ። በ2010 ዓ.ም. ትምህርት ጀመርኩ።

እርዳታ ስትጠይቁ

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ሦስት ዓይነት ሰው ፈልጉ። አንዱ እናንተን በደንብ የሚያውቅ፣ አንዱ ሙያውን የሚያውቅ፣ አንዱ ቋንቋውን የሚያውቅ። የሚያውቃችሁ ሰው የረሳችሁትን ያስታውሳችኋል። ባለሙያው የተሳሳተውን ያቃናል። ቋንቋ አዋቂው ግድፈቱን ይለቅማል። ከሦስት ካለፈ ግን ምክሩ እርስ በርሱ ይጋጭና ጽሑፉ የማንም ያልሆነ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የጥያቄውን ወረቀት፣ የቃላቱን ገደብና የራሳችሁን ረቂቅ ይዛችሁ ሂዱ። ረቂቁ መጥፎ ቢሆንም ግድ የለም፤ ባዶ ወረቀት ማንም ሊያርም አይችልም።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ስጡ። ነገ የሚዘጋ ማመልከቻ ዛሬ ማታ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ የሚያዝንላችሁ ሰው ራሱ ቁጭ ብሎ ይጽፍላችኋል። ብዙው ማጭበርበር የሚጀምረው ከክፋት ሳይሆን ከጥድፊያ ነው። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይኑራችሁ።

አራተኛ፣ ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ምላሳችሁ የሚደናቀፍበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የእናንተ ያልሆነ ቦታ ነው።

አምስተኛ፣ ድንበሩን እወቁ። መጠየቅ፣ ግልጽ ያልሆነውን ማመልከት፣ ግድፈት ማረም እርዳታ ነው። ያልሠራችሁትን መጨመር፣ በእናንተ ፋንታ ማሰብና መጻፍ እርዳታ አይደለም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ወረቀቱን ደብቁና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለሌላ ሰው አስረዱ። ማስረዳት ያቃታችሁ ዓረፍተ ነገር ይውጣ።

ስለ ኮምፒውተሩስ?

ወንድሜ "እሺ አንቺ ካልጻፍሽ ቻትጂፒቲ ይጽፍልኛል" ብሎ አስቆኛል። ይህ ፕሮግራም ለሕዝብ ከቀረበበት ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ እኔ ገንዘብ የከፈልኩበት ሥራ በነፃ፣ ያውም በደቂቃ የሚገኝ ሆኗል። ችግሩ ግን ያው የኔ ችግር ነው፤ ፓምፖቹን አላያቸውም። ኮመን አፕም በበኩሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን የራስ አስመስሎ ማቅረብን ከማጭበርበር ቆጥሮታል። የምታመለክቱበት ቦታ ምን እንደሚፈቅድ አስቀድማችሁ አንብቡ። ደንቡ ከፈቀደ፣ ግድፈት እንዲጠቁማችሁ ጠይቁት፤ ታሪካችሁን ግን አታስጽፉት።

እናንተ ከአሁኑ

"እኛ ገና ዘጠነኛ፣ አሥረኛ ክፍል ነን፤ ምን አስቸኮለን?" ትሉ ይሆናል። አንድ ደብተር ግዙና በወር አንድ ቀን የሠራችሁትን መዝግቡበት። በክበብ ያደራጃችሁትን፣ ያስጠናችሁትን ልጅ፣ የወደቃችሁበትን ፈተናና ከዚያ በኋላ ያደረጋችሁትን፣ ከነቀኑና ከነቁጥሩ ጻፉ። እኔ ያን ጊዜ ማስታወሻዬ ላይ አምስትና ሦስት ብዬ ባልጽፍ ኖሮ ለመምህሬ የምነግራቸው አይኖረኝም ነበር።

ወንድሜ ባለፈው እሁድ መጣ። ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ተነጫነጨ። በሦስተኛው ስኒ ላይ ግን እስክሪብቶ ስጪኝ አለ።

ቸር እንሰንብት!