ለዲዋሊ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የእናት ሥራ ግን አይዘጋም

ዲዋሊ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል ነው። በጨረቃ ስለሚቆጠር ልክ እንደ ፋሲካ ቀኑ በየዓመቱ ይቀያየራል፤ ብዙ ጊዜም የሚውለው በሥራ ቀን ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ የኒውዮርክ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለዲዋሊ ይዘጋሉ። ሕጉ ግን የግል ቀጣሪዎችን አያስገድድም።

ስለዚህ ልጆቹ ቤት ሲውሉ ሠራተኛዋ እናት ወይ ከዓመት ፈቃዷ ትቆርጣለች፣ ወይ ልጅ የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። ብዙ ቤተሰቦች መላ አበጅተዋል፦ በዕለቱ ማታ ከሥራ መልስ የሸክላ ኩራዝ ተለኩሶ ጸሎት ይደረጋል፤ ጣፋጩና እንግዳው ለቅዳሜና እሁድ ይቆያል።

ገና በሥራ ቀን የዋለባት አሜሪካ ያለች ሐበሻ እናት ይሄ በደንብ ይገባታል።