አይዞህ ባይ ከየት ይመጣል?

የአዲስ አበባው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከአንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅድስት ኢየሉጣ ከሮም ገዥዎች ስደት ልጇን ይዛ ሸሸች፤ ዳሩ ግን በሄደችበትም ተይዛ መኰንኑ ፊት ቀረበች። ክርስቶስን አንክድም ስላሉ በትልቅ የብረት ጋን ውኃ ተጣደላቸው። የፍላቱ ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር ይባላል። ያን ጊዜ የፈራችው እናት ናት፤ አይዞሽ ያላት ልጅ። ቅዱስ ገብርኤል ወርዶ የፈላውን ውኃ ያቀዘቀዘበት ሐምሌ 19፣ የሕፃኑ ሰማዕትነት ደግሞ ጥር 15 ይከበራል።

በዓሉ የመልአኩ ስለሆነ ከመልአኩ በፊት የሆነውን እንዘልለዋለን። ኢየሉጣ እምነት አልጎደላትም፤ አገር ጥላ የተሰደደች ሴት ናት። የከዳት ጉልበቷ ነው። ጉልበቷን የመለሰላት ደግሞ እጇን የያዘ፣ ከእሷ በላይ ሊታዘንለት የሚገባ ሕፃን ነው። በራሷ ውስጥ ቆፍራ አላወጣችውም። የክፍለ ከተማው ነዋሪ ስሙን በመታወቂያው ላይ ይዞ ይዞራል፤ ስለ መጽናናት ልንል የምንችለው አብዛኛው ነገር ግን እዚያው ታሪክ ውስጥ አለ።

ዛሬ እግዚአብሔርን በዕለት ኑሮ ስለማግኘት ሲወራ በቅድሚያ የሚታሰበው የግል ስሜት ነው። ጠዋት በቴሌግራም የሚደርስ ጥቅስ አለ፤ መንገድ ላይ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ መዝሙር አለ። ልብ ሞቅ ካለ እግዚአብሔር ቀረበ፣ ከቀዘቀዘ ራቀ ይባላል። ይህ መንገድ የተከበሩ አባቶች አሉት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ በሚገኝ የቀርሜሎሳውያን ገዳም ወጥ ቤት ያገለግል የነበረው ወንድም ሎውረንስ፣ ሰው ድስት ሲያማስልም ጸሎት ቤት ሲንበረከክም እግዚአብሔርን እኩል ሊያስብ ይችላል እያለ አስተምሮ በ1691 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ንግግሮቹና ደብዳቤዎቹ ተሰብስበው ዛሬም ይነበባሉ። ነገር ግን ሎውረንስ መነኩሴ ነበር። ደወል የሚደውልለት፣ አብሮት ማዕድ የሚቀርብ፣ ሲታመም የሚጠይቀው ማኅበር ነበረው። መጽሐፉን የሚያነብ የከተማ ሰው ትምህርቱን ይወስድና ገዳሙን እዚያው ይተወዋል፤ ከዚያ ወር ሳይሞላ ሲደክመው ጥፋቱ የእምነቱ ይመስለዋል።

የቂርቆስና በውስጡ ያለው የካዛንቺስ ሰፈር ሰው ገዳም አልነበረውም። ሆኖም ሥራውን በከፊል የሚሠራለት ሥርዓት ነበረው።

ከቀኑ ብንጀምር፣ የተዋሕዶ ወር ባዶ ቀን የለውም ማለት ይቻላል። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ17 እስጢፋኖስ፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ22 ኡራኤል፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እያለ ይሄዳል። ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናትና ከጥቂት በዓላት በቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ፤ ረቡዕ በጌታ ላይ ለተመከረው ምክር፣ ዓርብ ለስቅለቱ። ካዛንቺስ በሥጋ ቤትና በመጠጥ ቤት ስሟ የገነነ ሰፈር ነበረች። እዚያም ቢሆን በእነዚህ ቀናት ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛውን የሚሞላው በያይነቱ ነበር። ሽሮውን የሚያዘው ሰው ስለ ጎልጎታ ላያስብ ይችላል። ቀኑ አስቦለታል።

ቦታውም እንዲሁ ነው። ካዛንቺስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች በተሠሩ ቤቶች ዙሪያ ያደገ ሰፈር ነው፤ በ1953 የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ ደግሞ ዲፕሎማትና ሆቴል ተጨመረለት። በአመሠራረቱ የተለየ ቅድስና የለውም። ግን በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሚኒባስ የሚቆመው በቅዱሳን ስም ነው፤ ረዳቱ ኡራኤል እያለ ይጣራል፣ ተሳፋሪው እስጢፋኖስ ጋ ወራጅ አለ ይላል። በዚያች ሰዓት ብዙው የሚያስበው መልሱን ስለመቀበል ነው (ረዳቱ ደግሞ መልሱን ስለመርሳት)። ደጁ ጋ ሲደረስ ግን የአንዷ እጅ ወደ ግንባሯ ይሄዳል፣ ከጎኗ ያለው ያያትና እሱም ያማትባል።

ይሄ ልማድ እንጂ እምነት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ከጥንትም አለ፤ ከወንጌላውያን ወንድሞች ብቻ ሳይሆን ከራሷ ከቤተ ክርስቲያኗ ሰባክያንም ይሰማል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያለ ልብ የሚያማትብ ሰው ሞልቷል። የእኔ መልስ ጥቅሙን በደህናው ቀን አንለካው የሚል ነው። ልጇ ሆስፒታል የተኛባት ሴት በዚያች ጠዋት አዲስ ጸሎት ለመድረስ አቅም የላትም። ለዓመታት እየተሳለመች ያለፈችው ደጅ ግን እግሯን ያውቀዋል፤ ሳታስብ ትገባና ትቀመጣለች። የቅዳሴውን ቃል ሌላው ይላታል፣ እሷ አብራ መቆም ብቻ ይበቃታል።

ከቀኑና ከቦታው ይልቅ ጉልበት ያለው ሰው ነው። የጽዋ ማኅበርን እንይ። የተወሰኑ ቤተሰቦች በአንድ ቅዱስ ስም ተሰብስበው በየወሩ ተራ ይይዛሉ። ተረኛው ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ቆሎና ንፍሮ ያዘጋጃል። ካህኑ ይባርካል፣ ጸሎት ይደርሳል፣ ደጅ የቆመ ነዳይ ድርሻውን ያገኛል፣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ሁሉን የሚመራው አለቃ ሙሴ ይባላል። ለውጭ ሰው ግብዣ ይመስላል። እኔ ግን የማኅበሩ ትልቁ ሥራ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት የሚሆነው ይመስለኛል፤ ዙሪያውን አይቶ ማን እንደቀረ ማወቅ። እትዬ እገሊት ለምን አልመጣችም? አሟት ነው? ከባሏ ተጣልታ ነው? የቤት ኪራይ አጥታ አፍራ ነው? አንዳንዴ ጥያቄው ሐሜት ይሆናል፤ መካድ አይቻልም። ብዙ ጊዜ ግን በማግስቱ በሯ ይንኳኳል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጥቅስ የሚልከው ቻናል መቶ ሺህ ተከታይ ቢኖረው ካንቺ መጥፋት ምንም አይጎድልበትም። ማኅበር ውስጥ መቅረትሽ ይታወቃል። ጌታ ሁለት ወይም ሦስት በስሙ ሲሰበሰቡ በመካከላቸው እንደሚሆን የሰጠው ተስፋ ለቁጥር ማነስ ማጽናኛ ተደርጎ ይነገራል፤ እኔ ግን ቁጥሩ ራሱ መልእክት እንዳለው እገምታለሁ። ከሦስት ሰው አንዱ ከጠፋ ሳይታወቅ አይቀርም። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የቤት ኅብረትም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ጠላው በሻይ ተተክቶ፣ የጽዋው ተራ በጸሎት ርእስ ተተክቶ።

ወደ እድር ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እድር የሃይማኖት ድርጅት አይደለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ድንኳን ይቀመጥበታል። ወርሃዊ መዋጮ አለው፣ ለቀረ ሰው ቅጣት አለው። ቅጣት የሚያስፈራራው ርኅራኄ ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው የሚል ይኖራል። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ጎረቤቱ በፍቅር ይምጣ በቅጣት ፍርሃት አይመረምርም፤ ቤቱ ባዶ አለመሆኑን ያያል። ፍቅሩም ቢሆን ከሦስት ቀን መቀመጥ በኋላ መምጣቱ የተለመደ ነው።

እዚያው ድንኳን ውስጥ የምናበላሸው ነገርም አለ። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች፣ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር፣ መከራውን ሰምተው ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። እስከዚያ ድረስ ድንቅ አጽናኞች ነበሩ። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው መከራው ለምን እንደመጣ ማብራራት ሲጀምሩ ነው፤ በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። እኛም መቀመጡን እንችልበታለን። መናገሩ ላይ እንወድቃለን። ልጅ ለሞተባት እናት እግዜር የሚወደውን ይወስዳል ማለት፣ ገና ሠልስት ሳይወጣ ሌላ ይተካልሻል ማለት፣ እግዚአብሔርን ማቅረብ ሳይሆን እሱን ወክሎ መግለጫ መስጠት ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎ ዝም ማለት ይበቃል፤ ማብራሪያ የለበትም፣ ልመና ብቻ ነው። አጠገቧ ተቀምጦ ውኃ የሚያቀርብ ጎረቤት ከዚያ ሁሉ ትንታኔ ይልቅ ለቂርቆስ ይቀርባል።

ይህ ሁሉ የቆመው ሰዎች በእግር በሚደራረሱበት ሰፈር ነው። በ2017 የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ብዙ ነዋሪ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። ስለ ካሳው፣ ስለ ቤቱ ጥራት፣ ስለ መንገዱ ስፋት ብዙ ተብሏል። በመንፈሳዊው በኩል ስናየው ሦስቱ ነገሮች ተለያዩ። ቀኑ ከሰው ጋር ይሄዳል፤ 22 የትም ቢሆን 22 ነው፣ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለውን ውዳሴ ማርያም ገላን ሆኖም ማድረስ ይቻላል። ደጁ አይሄድም፤ ለንግሥ ግን ተመልሶ መሳለም ይቻላል። አስቸጋሪው ሰዉ ነው። ጎረቤታሞች የተለያየ ሕንፃ፣ የተለያየ ሰፈር ከደረሳቸው የማን በር እንደተዘጋ የሚያይ ዓይን አይኖርም።

ያለ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ በኅብረት መኖር ይቻል እንደሆነ ግን አገራችን ውስጥ አንድ ጊዜ በግድ ተፈትኗል። በጥር 1974 ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። አባላቱ በየቤቱ አምስት ስድስት እየሆኑ በድብቅ ይገናኙ ጀመር፤ ከዚያ በላይ መሆን ጎረቤት ያስጠረጥራል። ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ በ1983 ሲወድቅ 34,000 ገደማ ሆነው ወጡ። ለእድገቱ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፣ የመከራው ዘመን ራሱን ጨምሮ። እኔን የሚስበው የቡድኑ ማነስ ነው። አንድ ሰው ከቀረ መታሰሩን ማወቅ የግድ ነበርና ማንም ሳይታወቅበት ሊቀር አይችልም ነበር።

ሁኔታው ከካዛንቺስ ጋር አንድ አይደለም፤ ያኛው ስደት ነው፣ ይህኛው ዝውውር። ግን ለተበተነ እድርና ማኅበር ምርጫውን ያሳያል። ቀላሉ መንገድ ደንቡን አሻሽሎ መዋጮው በባንክ እንዲገባ፣ ሩቅ ያለው አባል ለቅሶ ከመድረስ ነፃ እንዲሆን ማድረግ ነው። እንዲህ ያለው እድር ለቀብር ወጪ ኢንሹራንስ ይሆናል፤ መጥፎ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው እንጂ። ከባዱ መንገድ ትልቁን ማኅበር መክፈል ነው፤ በአንድ ሕንፃ የደረሳቸው አራት ቤተሰቦች አዲሶቹን ጎረቤቶች ጨምረው የራሳቸውን ጽዋ ይጀምሩ፣ የራሳቸውን ሙሴ ይምረጡ፣ ዳቦው ቢያንስም ይነስ። የቆየው ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥር 22 ቀን፣ ኡራኤል ደጅ ቢገናኝ ይበቃዋል።